አርማታው የለበሰው ባና

ቢሮአችን ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከአንድ የግንባታ ዕቃ ሱቅ በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። ወደ እሱ የሚያወጣው ደረጃ የመጨረሻዋ እርከን ከሌሎቹ በአራት ጣት ከፍ ትላለች። አራት ጣት ምን አላት ትሉ ይሆናል። ኧረ ተዉኝ! ለመጀመሪያ ቀን ሥራ ልገባ አዲስ ጫማ አድርጌ፣ የምረቃ ወረቀቴን ታቅፌ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ስወጣ እሷ ላይ ተደናቅፌ ቢሮው ውስጥ በእግሬ ሳይሆን በእጄ ገባሁ። ከታች ከሱቁ «ቢስሚላህ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሕንፃው ባለቤት ሐጂ ናቸው። ሚስማር እየመዘኑ ነበር፤ ወጥተው ማን እንደወደቀ እንኳ አላዩም። ደረጃው ላይ ሰው በተደናቀፈ ቁጥር እንዲሁ ይላሉ።

እኔ ደግሞ አፌ ከእግሬ ይቀድማል። ገና ሰላም ሳልል «ይሄን ደረጃ የሠራው የትኛው ደንቆሮ ነው?» አልኩ፣ ጉልበቴን እያሸሁ። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት ሽበታም ሰው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና «እኔ ነኝ» አሉ። «ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ። ጉልበትሽን አመመሽ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኚህ ሰው አለቃዬ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሕንፃው በወጣትነታቸው የነደፉት የመጀመሪያ ሥራቸው ነው። የላይኛውን ወለል ንጣፍ ውፍረት ረስተውት ኖሮ ንጣፉ ሲገባ የመጨረሻዋ እርከን ከፍ ብላ ቀረች። ከተማው ውስጥ ስንት ባዶ ክፍል እያለ ቢሮአቸውን እዚያው የተከራዩትም ሆነ ብለው ነው። «ሌላ ቦታ ብሆን እረሳታለሁ» ይላሉ። ደንበኛ ተደናቅፎ በገባ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ይቅርታ፣ የሠራኋት እኔ ነኝ» ይሉታል። እኔ ያን ቀን ነካ ያደረጋቸው መስሎኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ «የሙያ አሠራር» የሚባል ትምህርት ወስጃለሁ። ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ተቋራጭ ማን፣ አማካሪ ማን፣ ማን ለማን ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሸምድጄ ኤ አግኝቻለሁ። ሰው በገዛ ስህተቱ በየቀኑ እንዲደናቀፍ ብሎ ቢሮ እንደሚከራይ ግን ማንም አላስተማረኝም።

ጋሼ ማህተማቸውን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው። ንድፍ ጨርሰን ስንሰጣቸው ወዲያው አያትሙም። ወረቀቱን ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፣ ከዚያ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ናት፦ «ቦታው ላይ አደርሽ?» ቤት የሚሠራበትን አገር ጠዋቱንም ማታውንም ያላየ ሰው ንድፉን እሳቸው ዘንድ ማሳተም አይችልም። ይህ ሕጋቸው ነው። እኔ ደግሞ የሽማግሌ አመል አድርጌ ነበር የማየው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሥራ ለብቻዬ ሰጡኝ። ጉና ተራራ ወገብ ላይ ያለች አንዲት መንደር የእናቶች ማቆያ ቤት ልትሠራ ነው። መንደሯንና ጤና ጣቢያውን አንድ ወንዝ ይለያቸዋል። በጋ ልጆች የሚዘሉት ወንዝ ክረምት ሲገባ ሰው ይበላል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተጭና ወንዙ ዳር ትደርስና ውሃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። ምጥ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ከወንዙ ማዶ፣ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ባለችው ጉብታ ላይ፣ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ ቀድመው ገብተው የሚቆዩበት ቤት ያስፈልጋል። ድንጋዩንና ጉልበቱን መንደሩ ይችላል፤ ሲሚንቶና ፌሮ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ሰጥቷል። አራት ክፍል፣ ስምንት የአርማታ ምሰሶ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ። «ይቺ ያንቺ ናት» አሉኝ ጋሼ። የዚያን ቀን የሄድኩበትን አላውቅም፤ በደስታ እየበረርኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ቦታውን ለማየት በጥቅምት ወጣሁ። በጋይንት መንገድ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ገብሱ ወርቅ ሆኗል፣ በጎቹ በየገደሉ ተበትነዋል፤ አገር እንዲህ ሊያምር ይችላል እንዴ እያልኩ ፎቶ አነሳለሁ። ዋናው ግንበኛ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲያንጹ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሜትሩን ይዘውልኝ ለካን። ሥራው ሲያልቅ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝና «እንግዲህ እደሪ» አሉ።

«አባባ፣ አልችልም፤ ቀጠሮ አለኝ።»

«ልጄ፣ ቤት የምትሠሪበትን አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ሳታዪው ትሄጃለሽ?»

ቀጠሮው ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ፀጉር ቤት! በማግስቱ የጓደኛዬ ቀለበት ነበረና ፀጉሬን ልሠራ። አፈር ልብላ፣ ለፀጉር ብዬ ወረድኩ።

ንድፉን ሠራሁ። ቆንጆ ነበር፣ ዛሬም አላፍርበትም። ከንድፉ ጋር የሚሄድ «ማሳሰቢያ» የሚባል ገጽ አለ፦ አርማታው እንዴት እንደሚቦካ፣ መቼ እንደሚሞላ፣ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚናገር። አሰልቺ ገጽ ነው። ቢሮአችን ቆላ ውስጥ ለተሠራ አንድ ትምህርት ቤት ያዘጋጀው ማሳሰቢያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። እንዳለ ገልብጬ ርዕሱን ብቻ ቀየርኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጋሼ ወረቀቱን ዘረጉ፣ በጣታቸው ተከተሉ፣ አነበቡ። «ንድፉ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ጉና አደርሽ?»

«አዎ፣ አድሬያለሁ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸኋቸው። እሳቸውም አመኑኝና ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው መሳቢያውን ከፈቱ። ማህተሙ ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል ደረቴ በኩራት ተነፋ፤ የውሸቴ ነገር ትዝ እንኳ አላለኝም።

ሥራው በኅዳር ተጀመረ። በየሳምንቱ እየወጣሁ መቆጣጠር ነበረብኝ። መሠረቱ ሲወጣ ነበርኩ። ምሰሶዎቹ በሚሞሉበት ሳምንት ግን መንገዱ ተዘጋ፤ ያን ሰሞን አንድ ቀን ቢከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። ሲከፈት ማታ በሚኒባስ ወጥቼ መንገድ ዳሯ ከተማ አደርኩና ጎህ ሲቀድ በእግር ተነሣሁ። ሳሩ ከእግሬ ሥር ይሰበራል። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ጎንበስ ብዬ ስነካው በረዶ ነው። ውርጭ! ጉብታው ነጭ ሆኗል። ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ፊቱ እንደ መስታወት ረግቷል። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ጉናን ከመስኮቴ እያየሁ ያደግኩ ሰው፣ የጉናን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ስምንቱ ምሰሶዎች ቆመዋል። ዙሪያቸውን የነበረው የጣውላ ካሳፎርማ ተነሥቷል። ላያቸው ላይ ስስ የበረዶ ቆዳ ያብረቀርቃል። ከመሬት ሚስማር አንሥቼ አንዱን ጫር አደረግኩት። አርማታው እንደ በሶ ተፈረፈረ። ሁለተኛውን ጫርኩ፣ ሦስተኛውን ጫርኩ። ሁሉም ያው ናቸው።

ወዲያው ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው መጡ። ከፊት ያለችውን አውቃታለሁ። የእኔ እኩያ ናት፤ ጅዳ አራት ዓመት ሠርታ ተመልሳ እዚያው መንደር ያገባች፣ ሳቂታ፣ ስትሠራ ሰው የማታስቀድም። «መሐንዲሷ መጣሽ? ውሃውን አንድም ቀን አላጓደልን!» አለችኝ እየሳቀች። «ጠዋትም ማታም። ማታ ማታ እጃችን እየደነዘዘ፣ ወረቀቱ እንዳለው።»

ወረቀቱ እንዳለው። ዋናው ግንበኛ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። በፕላስቲክ ጠቅልለውታል። ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸውና ሥራ ሲጀመር ሕዝቡን ሰብስበው እንደ ድርሳን ጮክ ብለው አንብበውለታል፦ ካሳፎርማው በማግስቱ ይነሣ፤ አርማታው ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ቆላ ላይ ይህ ትክክል ነው፣ ፀሐዩ አርማታውን እንዳያደርቀው። ጉና ላይ ግን ማታ ውሃ ማጠጣት ለውርጭ ራት ማቅረብ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ አልጠረጠሩም?» አልኳቸው።

«ጠርጥሬ ነበር፣ ልጄ። እኛ ጎመን እንኳ ማታ ውሃ አናጠጣም፣ ውርጭ ይመታዋል። ነገር ግን ወረቀቱ ማህተም አለው። የተማረ ሰው ከማተሙ በፊት አስቦበታል አልን።»

የድንጋይ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ እምነት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ዕድሜ ልክ የሚያውቁትን ትተው፣ እኔ በሁለት ደቂቃ የገለበጥኩትን ወረቀት አምነው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ውሃ ሲያፈሱ ሰነበቱ። አንድ ሰው እንኳ ማታ ቢሰንፍ ኖሮ! አንድም ሰው አልሰነፈም።

ያቺ ከጅዳ የተመለሰችው ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቴ ገርጥቶ ኖሮ ራስሽን አመመሽ ወይ አለችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ላንቺ ልንገርሽ፣ ከአማቴ በቀር ማንም አያውቅም» አለች። «አምና በነሐሴ የመጀመሪያ ልጄን ወንዙ ዳር ነው የቀበርኩት። ውሃው ሲጎድል እሱ አልነበረም። አሁን ደግሞ እንደገና ይዣለሁ። ቀኔ ሐምሌ ነው። ቤቱ ለሐምሌ ይደርሳል፣ አይደል?»

ስምንቱ ምሰሶ ከፈረሰ ዳግም ይሠራል፤ ከዚያ የጥር ሰርግ አለ፣ ከዚያ ሁዳዴ፣ ከዚያ እርሻ። ለሐምሌ ላይደርስ ይችላል። ካልፈረሰ ደግሞ የምትተኛው በእነዚያ ምሰሶዎች ሥር ነው። እውነቱን ልናገር፦ ዝም ልበል ብዬ አስቤያለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ቀላል ነው፣ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ማን ያውቃል? ለአምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ያለች ሰው ነበርኩ።

ስልክ የሚሠራው ተራራው ጫፍ ላይ፣ ጅብራዎቹ የበቀሉበት ጋ ብቻ ነው። እያለከለክሁ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ አላደርኩም» አልኳቸው። «ዋሽቼዎት ነው። ማሳሰቢያውን ከቆላው ገልብጬ ነው። ስምንቱንም ውርጭ በላቸው።»

ከሐጂ ሱቅ የብረት ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል። ይቆጣሉ፣ ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ «ማህተሙ የእኔ ነው፣ ነገ እመጣለሁ» አሉ። «አንቺ ግን እኔን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።» ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ «ዛሬ እደሪ» አሉኝ።

ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰበ። ቆሜ ተናገርኩ። ወረቀቱ የተሳሳተ መሆኑን፣ የተሳሳትኩትም እኔ መሆኔን፣ እደሪ ሲሉኝ ለፀጉሬ ብዬ መሄዴን ሳልሸፍን ነገርኳቸው። «መፍረስ አለበት» ስል ጉምጉምታው ተነሣ። አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «አሸዋውን በአህያ ከታች ያመጣነው ለጨዋታ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። «የአህያዬ ጀርባ ገና አልዳነም!» ያቺ ሴት ግን አልጮኸችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች፤ ከጩኸቱ ሁሉ የገደለኝ እሱ ነው።

ሽማግሌው ግንበኛ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ዱሮ ነበር እንጅ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ትልቁን መዶሻ አመጡና እጄ ላይ አኖሩት። «የመጀመሪያውን አንቺ ምቺ።»

መታሁ። መዶሻው ከበደኝ፣ እንባዬ እየወረደ መታሁ። ሁለት ሦስቴ እንደመታሁ ያ የተቆጣው ሰው መጥቶ ከእጄ ወሰደው። «ተይ፣ እግርሽን ትመችዋለሽ» አለኝ። እስከ ማታ አራቱ ፈረሱ። በዚያን ቀን አደርኩ። ብርዱን እኔና አጥንቴ ነን የምናውቀው።

ጋሼ በማግስቱ በበቅሎ መጡ። ጉልበታቸው አይረዳቸውም፤ ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሕዝቡ ፊት ቆሙና «ማህተሙ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው» አሉ።

«አይደለም! የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ፣ ያተምኩት እኔ ነኝ።»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

ሕዝቡ መሳቅ ጀመረ። «በርስት ሲካሰስ ነበር የምናውቀው፣ በጥፋት የሚሻማ ሰው ዛሬ አየን!» አለ አንዱ። ያ ሳቅ ዕዳዬን ባይሰርዝልኝም ትንፋሼን መለሰልኝ። የዚያኑ ቀን ጋሼ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው አዲስ ማሳሰቢያ አስጻፉኝ። የሚናገሩት ግንበኛው ናቸው፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ጋሼ እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ይሞላ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ እንዳይሞላ፣ ካሳፎርማው ሰባት ቀን ይቆይ፣ ማታ ውሃ አይንካው፣ በጭድ ይሸፈን። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» አሉ ጋሼ፣ ማህተሙን ከደረት ኪሳቸው እያወጡ። መሳቢያ ውስጥ የምታድረው ማህተም ጉና ወጥታ ነበር!

ሐጂ ከሱቃቸው ተጨማሪ ሲሚንቶ ላኩ። ምሰሶዎቹ የሚሞሉበት ቀን ሲቆረጥ ሌላ ጉድ ፈላ። በሰባቱ ቀን ውስጥ የታኅሣሥ ገብርኤል ይውላል፣ ማርያምም አለች። በእነዚያ ቀናት እዚያ አገር ማንም ሥራ አይነካም፤ እንኳን አርማታ መሸፈን እንጨትም አይሰበርም። ቄሱ ተቸገሩ። ያን ጊዜ የዚያች ሴት አማት፣ መንደሩን ሁሉ ያዋለዱት ባልቴት፣ ከሴቶቹ መካከል ድምፃቸውን አሰሙ።

«ይህ የምትሞሉት ነገር ብርድ ይገድለዋል?»

«ይገድለዋል» አልኩ።

«ሙቀት ይፈልጋል? ሰባት ቀን ለብቻው አይተውም?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ አራስ ነዋ! አራስን በገብርኤል ቀን ጥሎ የሚሄድ ማን ነው? ማረስ ሥራ ነው፣ ማሞቅ ሥራ አይደለም።»

ቄሱ ሳቁ። «እውነትዎን ነው፣ አራስ መጠየቅስ ጽድቅ ነው» አሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተቀምጬ አርማታ እንዴት እንደሚጠበቅ እንዲህ የገባው መምህር አላየሁም።

ሞላን። ፀሐይ ስትሞቅ ጀምረን ከስምንት ሰዓት በፊት ስምንቱንም ጨረስን። በጭድ ለበጥናቸው። ጭዱ ግን ሦስቱን ምሰሶ ብቻ አዳርሶ አለቀ፤ የቀረው የከብቶቹ ቀለብ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጥርት ያለ ሰማይ ደግሞ ውርጭ ነው። ምን ይሻላል ብዬ ስጨነቅ ባልቴቷ እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። «አንቺ ተኝ፣ ደክሞሻል። ጭድ እናፈላልጋለን» አሉኝ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና ደረቡልኝ። የዚያ አገር ሰው ብርድ ልብሱም፣ ካፖርቱም፣ ፍራሹም ባና ነው፤ አንድ ቤት አንድ ካለው ትልቅ ነገር ነው። ሞቀኝ። እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። እየሮጥኩ ወጣሁ። አገሩ ነጭ ነው። ጉብታው ላይ ስምንት ምሰሶዎች ባና ለብሰው ቆመዋል። ጥቁር ባና፣ ነጭ ባና፣ ቡናማ፣ የተጣፈ፣ ያረጀ፣ አዲስ፤ ሁሉም በጠፍር ወገቡን ታስሯል። ጭድ የደረሳቸው ሦስቱም ሳይቀሩ ከላይ ደርበዋል። ሰዉ በነጠላ፣ በስስ ኩታ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ዙሪያውን እየተንጎራደደ ይጠብቃል። ያ የተቆጣብኝ ጎልማሳ በሸሚዝ ብቻ ነው፣ ከንፈሩ ገርጥቷል። ከዚያች መንደር ባና ሁሉ ምሰሶ ላይ ያልታሰረው አንድ ብቻ ነበር። እሱም እኔ ትከሻ ላይ ነው።

እግዚኦ! ምን ልበል? የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቻለሁ፣ የጎንደርን ግንብ አይቻለሁ፤ ያን ጠዋት ያየሁትን የሚያህል ሥራ ግን አላየሁም። ባናውን ከትከሻዬ አውልቄ ከጅዳ የተመለሰችው ሴት ላይ ደረብኩት። እሷ ናት ነፍሰ ጡሯ። «የኔ ያ ማዕዘኑ ላይ ያለው ነው፣ ቡናማው፣ የሰርጌ ነው» አለችኝ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ እየሳቀች።

ሰባት ቀን ሰባት ማታ በተራ ጠበቁ። በገብርኤል ቀን ከቅዳሴ ሲወጡ ሰዎቹ እየመጡ «አራሶቹ እንዴት አደሩ?» እያሉ ይጠይቃሉ። በስምንተኛው ቀን ጣውላው ሲነሣ ሚስማሬን ይዤ ቀረብኩ። ጫርኩ። ሚስማሩ ተንሸራተተ፣ ጭረት እንኳ አልተወም። ሽማግሌው በጡጫቸው መታ መታ አደረጉትና «ጠንቷል» አሉ። እልልታው ማዶ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ቤቱን የያዘው አልነበረም። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የሠረገ ሁሉ ሚዜዎቹ አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክመው እንዲመጡ ተፈረደበት። ሱፍ ለብሶ ድንጋይ የተሸከመ ሚዜ አይቼ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። በሁዳዴም ሠሩ። በግንቦት መጨረሻ ቆርቆሮው ተመታ።

ሐምሌ ላይ እንደገና ወጣሁ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ወንዙ እየተንጓጓ ከጉብታው በታች ዛፍ ይዞ ይወርዳል። ቤቱ ውስጥ ገባሁ። በረንዳው ደረቅ ነው፣ ግድግዳው ደረቅ ነው። ከቀኗ አስራ አምስት ቀን ቀድማ የገባችው ያቺ ሴት አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ያበራል። «ትናንት መጣች፤ ሴት ናት» አለችኝ። «በይ ያዣት፣ አትፍሪ።»

ያዝኳት። በቡናማ ባና ተጠቅልላለች፤ ከጥቅሉ የምትታየው አፍንጫዋ ብቻ ናት። በመዳፌ ሥር ባናው ላይ አንድ ቦታ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆረቁራል። ወፍራም ጠጉሩ ውስጥ የተጣበቀ ግራጫ ነገር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አርማታው ነዋ» አለች እየሳቀች። «ስንት ጊዜ አጠብነው፣ እምቢ አለ። ተይው፣ ልጄን አይነካትም፣ በውጭ በኩል ነው።»

የሰርጓን ባና ነበር ያበላሸሁባት። ይቅርታ ልላት አስቤ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከአፌ ጣቴ ቀደመ። ልጅቷን አቅፌ ያን የደረቀ ቦታ በጣቴ እየዳበስኩ ቆምኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ምሰሶ ከአልጋዋ ራስጌ ነው።

እናቷ ወደ መስኮቱ አየች፣ ሰማዩ እየጠቆረ ነው። «ትሄጃለሽ ወይስ ታድሪያለሽ?» አለችኝ።

«አድራለሁ» አልኳት።